የወንድሜን ስም ከሰዓቱ ላይ የፋቅኩበት ቀን

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ አሰሳ በጠናበት ዓመት፣ ኅዳር ወር ላይ ነው። ያኔም እንደ አሁኑ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነበር። ነገሩን ለብዙ ዓመት በሆዴ ይዤ ኖሬያለሁ። ልጆቼ እንኳ ሙሉውን አያውቁትም። አሁን ለመጻፍ የተነሣሁት ባለፈው ዓመት በወንድሜ ለቅሶ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ የተናገረው ነገር አላስተኛ ስላለኝ ነው። የሰውዬውን ስም አልጽፍም። የሚያውቁት ያውቁታል፤ እሱም ራሱን ያውቃል።

ባለቤቴ ይልማ ሰዓት ሠሪ ነበር። ገበያው ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ሞተሩን የሚፈታው፣ የሚያጥበውና ዘይት የሚያደርግለት እሱ ነው። የውጪውን ብረት መወልወል ግን የእኔ ሥራ ነበር። ቤት ውስጥ መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ ተቀምጬ የተቧጨረውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ። ከዚያ የጠመኔ ዱቄት በዘይት ለውሼ እቀባዋለሁ። በመጨረሻ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ በሚወጣ የሱፍ ቁራጭ ፊቴ እስኪታይበት እወለውለዋለሁ። ሰዉ “ይልማ ሰዓቴን አዲስ አደረገልኝ” ይላል እንጂ የእኔን ጣት የሚያነሣ አልነበረም።

ይልማ አንድ ልማድ ነበረው። ሰዓት ከፍቶ ባደሰ ቁጥር በጀርባው ክዳን በውስጥ በኩል በመርፌ ጫፍ “ይ” ብሎ ይጭርበታል። ሰዓቱ ሌላ ጊዜ ተመልሶ ሲመጣ በእሱ እጅ ማለፉን የሚያውቀው በዚያ ነው። ባለ ሰዓቱ ክዳኑን ስለማይከፍት አያየውም። የዘመድ ሰዓት ከሆነ ደግሞ ከፊደሉ ሥር ሁለት ነጥብ ይጨምርበታል። ይህን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን።

ወንድሜ ጌታነህ ደነባ አስተማሪ ነበር። የምንገናኘው በእናት ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ አንኮበር ላይ አንድ የደብር አገልጋይ አግብታ እሱን ወለደች። ስለዚህ በአባት ስም አንመሳሰልም፤ በመልክም ቢሆን አይተው እህትና ወንድም የሚሉን ጥቂቶች ነበሩ። ለማስተማር ሲመደብ እናቴ አንድ ወይፈን ሸጣ ሰዓት ገዛችለት። ይልማ ጀርባው ላይ “መምህር ጌታነህ፣ ደነባ” ብሎ ቀረጸለት። የቆዳው ማሰሪያ ሲበጠስ እናቴ በቀይ ክር ሰፋችው። ባልደረቦቹ በቀዩ ስፌት ሲስቁበት “የእናቴ ማኅተም ነው፣ ሰው አይሰርቀውም” ይላቸው ነበር።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጌታነህ ተያዘ። ወረቀት ተገኘበት አሉ። ምን ወረቀት እንደሆነ የነገረን የለም። አብሮት የሚያስተምር ሰይድ የሚባል የአልዩ አምባ ልጅም አብሮ ተያዘ። ሁለቱንም ደብረ ብርሃን አምጥተው አንድ ክፍል ውስጥ አሠሯቸው።

እናቴ እንደ ሰማች ግማሹን መንገድ በእግሯ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ከአንኮበር መጣች። ለጎረቤት “ለሕክምና ነው የመጣችው” አልኩ። ያኔ ሰው የታሠረ ዘመዱን እንደ ተላላፊ በሽታ ይደብቅ ነበር። እኔም ደበቅሁ። ለእናቴም “ለማንም እንዳትናገሪ፣ የወንድሜን ስም በዚህ ቤት አታንሺ” ብዬ አስማልኳት።

በየቀኑ ጠዋት እናቴ በአገልግል ስንቅ ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ትቆማለች። የሰይድ እናት እትዬ ፋጡማም ከአልዩ አምባ መጥተው ዘመድ ቤት አርፈው ነበር፤ ጎን ለጎን ነው የሚቆሙት። ከድሮም ጀምሮ በገበያ ይተዋወቃሉ። ስንቁ ገብቶ አገልግሉ ባዶውን ከተመለሰ እስረኛው አለ ማለት ነው። እንደ ሞላ ከተመለሰ ግን ጥያቄ የለም፤ ሰው ወደ ቤቱ ሄዶ በሩን ዘግቶ ያለቅሳል፤ እሱንም ድምፁን አፍኖ።

ያን ቀን አገልግሉ ባዶውን ተመልሶ ነበር። እናቴ ደስ ብሏት ትንሽ እህል ቀመሰችና ጓዳ ገብታ ጋደም አለች። ይልማ መለዋወጫ ሊያመጣ የይለፍ ወረቀት አውጥቶ አዲስ አበባ ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ።

ስከፍተው አንድ አብዮት ጠባቂ ቆሟል። በዓይን አውቀዋለሁ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ፊት ከሚቀመጡት አንዱ ነው። ከኋላው አጥር ላይ ጎረቤቴ ቆማ በጣቷ የእኔን በር ታሳያለች። “እሷ ናት የምትወለውለው” አለችው። ያቺ ሴት ከሞተች ቆይቷል። ነፍሷን ይማር ማለት እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

“ባለቤትሽ የለም?” አለኝ።

“አዲስ አበባ ሄዷል፣ ጓድ። መለዋወጫ ሊያመጣ።”

“በይለፍ?”

“በይለፍ።”

ሳልጋብዘው ገባ። ጠመንጃውን በሩ ጥግ አስደግፎ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ከኮት ኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ፈታው።

ቀዩን ክር ነው መጀመሪያ ያየሁት።

ሰው ሲደነግጥ ይጮኻል ይላሉ። እኔ ግን ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። ለሥራ የተቀመጥኩ መስሎታል። ሰዓቱን ገልብጦ ጀርባውን አሳየኝ።

“ይህ ጽሑፍ እንዲጠፋ ነው የምፈልገው” አለ። “ከሰው ላይ ያገኘሁት ነው። የሌላ ሰው ስም እጄ ላይ አስሬ ልዞር አልችልም።”

“መምህር ጌታነህ፣ ደነባ” ይላል። የይልማ እጅ ነው። ፊደሉን በጣቴ ስነካው እንደ በረዶ ቀዘቀዘኝ። ሰዓቱ እዚህ ካለ ወንድሜ የት ነው? ጠዋት ባዶውን የተመለሰው አገልግል ትዝ አለኝ። ስንቁን ማን በላው?

“ሥራው ጊዜ ይፈልጋል፣ ጓድ። ነገ መጥተው ቢወስዱት ይሻላል” አልኩት።

“ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ።”

ሁለት ነገር አስፈራኝ። አንደኛው ይህ ሰው እኔ የጌታነህ እህት መሆኔን ካወቀ የሚሆነው ነው። የወሰደውን ሰዓት ለባለ ሰዓቱ እህት ማምጣቱን ሲረዳ ምስክር እንድሆንበት አይፈቅድም። ሁለተኛው ከመጋረጃው ወዲያ የተኛችው እናቴ ናት። እናቴ ማንበብ አትችልም። ስሙ አይነግራትም። ማሰሪያውን ግን ራሷ ናት የሰፋችው። ብቅ ብላ ካየችው ትጮኻለች። ከጮኸች ሁላችንም አለቀልን።

ማሰሪያውን ቶሎ አላቅቄ የሱፍ ቁራጮቹ ሥር ከተትኩት። ክዳኑን በቢላ ጫፍ አነሣሁ፤ ብናኙ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ክዳኑ ተነጥሎ ነው የሚሠራው። በውስጥ በኩል የይልማ “ይ” አለ፤ ከሥሩ ሁለት ነጥብ።

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር። “ይሄስ ጭረት ምንድን ነው?” አለ።

“የፋብሪካ ምልክት ነው” አልኩት። “ሁሉም ሰዓት ላይ አለ።”

“ፊደል ይመስላል እኮ።”

“የእነሱ ቁጥር ነው። እሱን ከነካነው ሰዓቱ ዋጋ ያጣል፤ ዋናው ለመሆኑ ማረጋገጫው እሱ ነው።”

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ሰውዬው ግን ራሱን ነቀነቀ። ለሰዓቱ ዋጋ አሰበ መሰለኝ። ያን ጭረት ማትረፌ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚጠቅመኝ አላውቅም ነበር። ሁሉንም በእጄ እንዳላጠፋ ብቻ ነው የፈለግሁት።

ክዳኑን በጠፍጣፋ መስተዋት ላይ በተዘረጋ የብርጭቆ ወረቀት ላይ ደፍቼ ማሸት ጀመርኩ። ክዳኑ ሁለት ጊዜ ከእጄ አመለጠኝ።

“ምነው?” አለ።

“ውርጩ ነው። ዛሬ ብሶበታል።”

“ሴት ሰዓት ስትሠራ ዛሬ ገና አየሁ” ብሎ ሳቀ። “አብዮቱ ይሄንንም አመጣልን። ባልሽ ተኝቶ ይበላል በይኛ።”

እኔም ሳቅሁ። ከሁሉ በላይ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ያ ሳቄ ነው።

መጀመሪያ “ደነባ” የሚለው ጠፋ። ከዚያ “መምህር” ሳሳ። ይልማ ጠለቅ አድርጎ ስለ ቀረጸው ስሙ ቶሎ አልለቅ አለ። ሰውዬው በየመሐሉ እጁን ዘርግቶ ክዳኑን ይቀበለኛል፤ ወደ መስኮቱ አዙሮ ያያል። “ጌ ገና ይነበባል” ይላል። ይመልስልኛል። እንደ ገና አሻለሁ። የወንድሜን ስም አንድ አንድ ፊደል እያስቆጠረ ያስጠፋኝ ነበር።

የፈራሁት መጣ። መጋረጃው ተገለጠና እናቴ ወጣች። ነጠላዋን እያስተካከለች “እንግዳ አለ እንዴ? ምነው ዝም ብለሽ ደረቁን አስቀመጥሽው?” አለችኝ።

“ሥራ ላይ ነን፣ እናቴ። አንቺ ዕረፊ።”

“ዕረፍቱ መቼ ይጠፋል።” ወደ ሰውዬው ዞረች። “እንደምን ዋልክ፣ ልጄ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማማ” አለ። አነጋገሩ በድንገት የሰው ልጅ አነጋገር ሆነ።

ለነገ ስንቅ ያዘጋጀችውን በሶ በሳህን አድርጋ አቀረበችለት። “ቅመስ። የአንኮበር ገብስ ነው፣ እኔው የቆላሁት።” እሱም እጁን አልታጠበም፣ እንቢም አላለም፤ ይበላ ጀመር። እኔ አቀርቅሬ አሻለሁ። ክዳኑ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሰዓቱ በመሐረቡ ላይ ነው፤ ማሰሪያው በሱፉ ሥር ነው። እናቴ ሰዓት ከሰዓት አትለይም። ዓይኗ ወደ ሱፉ እንዳይሄድ ብቻ እጸልያለሁ።

“በሶው ጥሩ ነው” አለ ሰውዬው።

“ለልጄ ያዘጋጀሁት ነው” አለች።

“እናቴ” አልኩ። አልሰማችኝም፤ ወይም አልሰማሁም አለች። ለሁለት ሳምንት አፏን ለጉሜ ይዣት ነበር። ጠመንጃ የያዘ ሰው ቤታችን ቁጭ ብሎ በሶዋን ሲበላላት እግዚአብሔር ያመጣላት መስሏታል።

“ልጄ እዚህ ታስሮብኝ ነው። ምንም የሠራው ነገር የለም፤ ልጅ የሚያስተምር ሰው ነው። አንተ የመንግሥት ሰው ትመስላለህ። እስቲ በእናትህ ጡት፣ ካየኸው ደህንነቱን ብቻ ንገረኝ።”

ሰውዬው ማላመጡን ቀጠለ። “ማን ይባላል፣ እማማ?”

“ጌታነህ” አለች። “መምህር ጌታነህ። ደነባ ነው የሚያስተምረው።”

እጄ ቆመ። ከጣቴ ሥር “ታነህ” የሚለው ገና አልጠፋም ነበር።

ሰውዬው ማላመጡን አቆመ። እናቴን አያት። ከዚያ እኔን አየኝ፤ መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ እጄን። መሐረቡ ላይ ያለው ሰዓት ሲቆጥር ብቻ ነበር የሚሰማው። ዓይኔ ወደ ጠመንጃው ሄደ። እሱም ዓይኔ የሄደበትን አየ።

“እጅሽ አይቁም” አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው። “ጨርሺ።”

እናቴ ከፊቱ ላይ አንድ ነገር አንብባ መሰለኝ ሳህኑን አንሥታ ጓዳ ገባች።

ጨረስኩት። የመጨረሻውን ፊደል ሳጠፋ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ብናኝ ገባብኝ ብዬ በክንዴ ጠረግሁት። ጠመኔውን ቀባሁ፣ በሱፍ ወለወልኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ። ሰውዬው አውራ ጣቱን አሸበት። ፊቱ ታየበት።

ማሰሪያውን ከሱፉ ሥር ላወጣ ስል “እሱን ተዪው” አለኝ። “ሌላ አደርግበታለሁ።” ለምን እንደ ተወው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ራርቶልን ይሁን ወይ ምልክቱን ሸሽቶ፣ እሱ ያውቃል። ጠመንጃውን አነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ “አንቺ ምንም አላየሽም፣ እኔም እዚህ አልመጣሁም” አለኝና ወጣ።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ “ደግ ሰው ይመስላል፤ ሁሉንም በላልኝ” አለች። ማሰሪያውን በጡቴ ሥር ሸጉጬ ስለነበር ልታቅፈኝ ስትመጣ ሸሸሁ።

በማግሥቱ ስንቁ እንደ ሞላ ተመለሰ።

የእናቴም፣ የእትዬ ፋጡማም። ሁለቱ እናቶች የሞላ አገልግላቸውን ይዘው በዋናው መንገድ ዳር ሲመጡ ከሩቅ አየኋቸው። እናቴ ቤት ገብታ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎርሳ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ እንደ እሷ እንኳ ላለቅስ አልቻልኩም። የገደልኩት እኔ መሰለኝ። ስሙን ከብረት ላይ ሳጠፋ እሱንም ያጠፋሁት መሰለኝ። አሁን ስጽፈው የሞኝ ነገር ነው፤ ያን ቀን ግን እንደዚያ ነበር ያመንኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ፍርሃት እንጂ ሌላ ነገር አላስታውስም። የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ለእኔ የመጡ ይመስለኛል። ይልማ ሲመለስ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። “ለሰው ተናግረሻል?” አለኝ። አልተናገርኩም አልኩት። “እንግዲያው አሁንም አትናገሪ፤ ለእናትሽም ቢሆን።” ማሰሪያውን እሳት ውስጥ ጨምሪው አለኝ። አቃጠልኩት ብዬ ዋሸሁት። ገብስ ጆንያ ውስጥ ቀብሬው ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ጌታነህ በእግሩ መጣ።

ጢሙ አድጎ፣ አንድ ጫማው ጠፍቶ፣ በሩ ላይ ቆመ። እናቴ አላመነችም፤ እጁን፣ ጆሮውን፣ ጥርሱን እየዳሰሰች ቆጠረችው። ከዚያ እግሩ ሥር ወደቀች። የግራ እጁ አንጓ ላይ ማሰሪያው የነበረበት ቦታ ብቻ ነጥቶ ይታያል።

ብቻችንን ስንሆን በዓይኔ አንጓውን አሳየሁት። ገባው።

“ሰጠሁት” አለኝ። “አንድ አብዮት ጠባቂ ከክፍሉ አስወጥቶኝ ሰዓቴን ያይ ጀመር። ‘ጥሩ ሰዓት ነው’ አለ። ፈትቼ ሰጠሁት። ‘ስምህ ከሚወሰዱት ዝርዝር በስሕተት ሊዘለል ይችላል’ አለኝ። ከዚያ ለብቻዬ ሌላ ቤት አዛወሩኝ።”

“ሰይድስ?”

“ጓደኛዬንም ጨምርልኝ ብዬው ነበር” አለ። “‘እሱ ምን አለው?’ አለኝ።”

ሰይድ ሰዓት አልነበረውም። ሰይድ አልወጣም። የት እንደ ተቀበረ እንኳ ለእናቱ የነገራቸው የለም።

ጌታነህ ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ እጁ ላይ ሰዓት አላሰረም። ሥራ ቦታ ሲዘገይ፣ ሰው ሲስቅበት፣ ምክንያቱን አልተናገረም። እናታችን ሰዓቱን ስትጠይቀው “እስር ቤት ጠፋብኝ” አላት። ይህንኑ እንዳመነች አረፈች። ይልማም ከዓመታት በኋላ አረፈ።

ጌታነህ ራሱ ባለፈው ዓመት ታሞ ሞተ። በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ሰው ሞልቶ ሳለ አንድ በከዘራ የሚሄድ ሽማግሌ መጣ። አላወቅሁትም። ተነሥቶ ለለቀስተኛው መናገር ሲጀምር በድምፁ ለየሁት።

“ይህን ሰው በዚያ በክፉ ዘመን ከሞት ያወጣሁት እኔ ነኝ” አለ። “ልጅ እግር ነበርኩ፤ ግን ሰው ነኝ፣ አሳዘነኝ። ራሴን አደጋ ላይ ጥዬ ስሙን ከዝርዝር አስወጣሁት። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው።” ሰዉ “ዋጋህን አይንሳህ” አለው። አንዳንዱ ተነሥቶ ጨበጠው። የወንድሜ ልጆች እያለቀሱ ጉልበቱን ሳሙት።

ልጆቹ ሲስሙት ማየት አልቻልኩም። ተነሥቼ አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። በግራ እጁ ላይ የብረት ማሰሪያ ያለው አሮጌ ሰዓት አስሯል።

“ሰዓትዎን ልየው?” አልኩት።

ደስ አለው። ፈትቶ ሰጠኝ። “ያረጀ ነው፣ እናቴ፤ ግን ደቂቃ አይስትም። የድሮ ዕቃ አይደል።”

ጀርባው እኔ እንደ ተውኩት ነበር፤ ጭረት በዝቶበታል እንጂ ለስላሳ ነው። ከማዕዱ ላይ ቢላ አንሥቼ ክዳኑን ከፈትኩ። ጣቴ አልረሳውም። የይልማ “ይ” አለች። ሁለቱ ነጥቦችም አሉ። ባሌን ከሞተ በኋላ እንደ ገና ያገኘሁት መሰለኝ።

“ይህን ያውቁታል?” ብዬ አሳየሁት።

ዓይኑን አጥብቦ አየ። “የፋብሪካ ምልክት ነው። ሰዓቱ ዋናው ለመሆኑ ማረጋገጫ ነው። ድሮ አንዲት ሴት ነግራኛለች።”

“ያቺ ሴት እኔ ነኝ” አልኩት። “የፋብሪካም አይደለም። ባሌ የዘመድ ሰዓት ላይ የሚጭረው ነው።”

እጁ ከዘራው ላይ ሲጠብቅ አየሁ። ዙሪያውን ቃኘ፤ ማንም አልሰማም። ያኔ የነበረኝን ፍርሃት በእሱ ፊት ላይ አየሁት። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም።

“ወንድምሽ እኮ ወጥቷል” አለኝ በሹክሹክታ። “ሰው ነው ያተረፍኩት። ምን አጠፋሁ?”

“ሰይድስ?” አልኩት።

አሰበ። ከልቡ አሰበ፤ አልዋሸም።

“ሰይድ ማነው?” አለኝ።

ክዳኑን ገጠምኩት። በለመደ እጄ በነጠላዬ ጫፍ ወልውዬ መለስኩለት። ልጆቼ ቢሰሙ ለምን አልወሰድሽውም ይሉኛል። ብወስደው ተካክሰናል ብሎ ያድራል። እጁ ላይ ይኑር። አሁን ክዳኑ ሥር ያለው ምን እንደሆነ ያውቃል። ቶሎ ተነሥቶ ሄደ፤ በሰባተኛው ቀንም አልመጣም።

ለወንድሜ ልጆች ግን ይህን ጽሑፍ አንብቡ እላቸዋለሁ። አባታችሁን ያወጣው ምሕረት አልነበረም። ምሕረት ቢሆን ሰዓት ያለውንና የሌለውን አይለይም ነበር።

እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር። ግን አንድ ነገር ዘልዬአለሁ፤ ለቅሶው ካለፈ ጀምሮ ሌሊት ከእንቅልፌ የሚያስነሣኝም እሱ ነው።

ጌታነህ በወጣ በማግሥቱ እትዬ ፋጡማ ቤታችን መጥተው ነበር። “አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ደስ ያለሽ” ብለው እናቴን አቀፏት። ከዚያ ተቀምጠው እጇን ያዟት።

“ስንቃችን አብሮ ነው የተመለሰው” አሏት። “ያንቺ ልጅ ካለ የእኔም አለ ማለት ነው። ምን አድርጋችሁ ነው ያወጣችሁት? ጆሮዬ ላይ ያለው ወርቅ አለ። ሌላም አለኝ። ለማን ልስጥ? ስሙን ብቻ ንገሪኝ።”

“ኪዳነ ምሕረትን፣ ምንም አላደረግንም” አለች እናቴ። እውነቷን ነው፤ አታውቅም።

ጌታነህ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝቶ ነበር። ሰምቷል። እኔ መስኮቱ ሥር ቆሜያለሁ። እትዬ ፋጡማ ወደ እኔ ዞሩ። “ልጄ፣ አንቺስ የምታውቂው ነገር አለ?” አሉኝ።

ሰይድ በዚያ ቀን በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ሊኖር ይችል ነበር። ሰውዬው የሚቀመጥበትን ሰፈር አውቃለሁ። ወርቅ ከሰዓት ይበልጣል። አፌን ልከፍት ስል “አንቺ ምንም አላየሽም” ያለው ድምፁ በጆሮዬ መጣ።

“አላውቅም፣ እትዬ” አልኳቸው።

ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ ወደ አልዩ አምባ ተመለሱ። ልጃቸውን ሲጠብቁ ኖረው አረፉ።

በድንኳኑ ውስጥ ያ ሽማግሌ ሰይድ ማነው ሲለኝ ጠላሁት። እስከ ዛሬም እጠላዋለሁ። ቀይ ስፌት ያለውን ማሰሪያ ግን ሳጥኔን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ፤ ባየሁትም ቁጥር የሚመጣብኝ የእሱ ፊት ሳይሆን የእትዬ ፋጡማ ጆሮ ላይ ያለው ወርቅ ነው። እሱ ሰይድ ማን እንደሆነ አያውቅም። እኔ አውቅ ነበር።